ሁለት ጥለት ሠሪዎችና አንድ ማውስ

ኪኑኤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ካሬ ስትሞላ ኖራለች። ቀልድ አይደለም፤ እንጀራዋ ይኸው ነበር። በጃፓን ባህላዊ ልብስ፣ በኪሞኖ መቀነት ላይ የሚወጣ ጥለት ሁሉ፣ አበባም ይሁን ማዕበል፣ ሸማኔው እጅ ከመግባቱ በፊት ከምስር ፍሬ ያነሱ ካሬዎች በተሰመሩበት ትልቅ ወረቀት ላይ በብሩሽ ይሣላል። አንዷ ካሬ ድርና ማግ አንድ ጊዜ የሚገናኙባት ቦታ ናት፤ ቀይ ከተቀባች ቀይ ሐር ይወጣባታል፣ ባዶ ከተተወች መደቡ ይታይባታል። አንዷን የሳተ ጥለት ሠሪ ስህተቱ በሐር ተሸምኖ፣ በሙሽራ ወገብ ተጠምጥሞ፣ ሠርግ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። በኪዮቶ፣ በኒሺጂን የሸማኔዎች ሠፈር፣ «ጥለት ሠሪ አታግባ፤ ሩዙን ቆጥራ ነው የምታቀርብልህ» ብለው የሚቀልዱት ለዚህ ነው። ሸማኔው ቶኩዞ ግን ኪኑኤን አገባ፤ ሩዙም አልጎደለበትም።

የምትሠራው ካሺዋይ በሚባሉ ጌታ የሽመና ቤት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበር። መስኮቱ ሥር ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አለ፤ በአንድ በኩል ኪኑኤ፣ በሌላው በኩል ሺዙ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ፊት ለፊት ይሠራሉ። ሺዙ በሁለት ዓመት ትበልጣታለች። ባሏን ከቀበረች ቆይታለች፤ ምላሷን ግን አልቀበረችም። ሁለቱ ምሳቸውን አብረው መብላት ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ነበር።

እንደ ፈረንጆቹ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ የሚያዝያ ጠዋት፣ ሦስት ሰዎች እያለከለኩ ኮምፒዩተር ተሸክመው ደረጃውን ወጡ። ከጠረጴዛው ጎን ሌላ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ተተከለ፤ አንድ ወንበርም መጣ። ካሺዋይ እጃቸውን የኪሞኗቸው እጅጌ ውስጥ ከተው ቆመው አዩና ፈገግ አሉ።

«ችኮላ የለም» አሉ። «ሁለታችሁም የዚህ ቤት ሀብት ናችሁ። ዝናቡ እስኪገባ ድረስ ቀስ እያላችሁ ተጫወቱበት። ከዚያ በኋላ ለማን እንደሚመች እናያለን።»

የኪዮቶ ሰው «ችኮላ የለም» ካለህ ቀን ቁጠር። ሁለቱም ቆጠሩ። ዝናቡ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይገባል፤ የቀራቸው ሰባት ሳምንት ነው። የጌታው ምራት ሳዮኮ ኦሳካ ያደገች በመሆኗ ነገር አታለባብስም። ደረጃው ላይ አግኝታቸው ቁርጡን ነገረቻቸው። ከእንግዲህ በብሩሽ የሚሠራ ጥለት አይኖርም፤ ማሽኑ የአንድ ወር ሥራ በሳምንት ስለሚጨርስ ቤቱ የሚያስቀረው አንድ ጥለት ሠሪ ብቻ ነው። ለሙከራ የተሰጣቸውን፣ ጴዮኒ የሚባል አበባ ጥለት ዝናቡ ሳይገባ በማሽኑ አሳምራ የጨረሰችው ትቀራለች።

ኪኑኤ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ እግሯ ከበዳት። ቶኩዞ ቤቱ ውስጥ በእጅ የሚሸምን ሰው ነው፤ ትእዛዝ እየቀነሰ ሄዶ የሽመና ዕቃው ከወሩ ሁለቱን ሳምንት ብቻ ነበር የሚሠራው። ቤቱን የያዘው የእሷ ሥራ ነው። ይህ አንድ ነገር ሆኖ፣ ከዚህ ሌላ ደግሞ ለባሏ እንኳን ያልነገረችው ፍርሃት ነበራት፤ ካሬ ካልሞላች ምን እንደምትሆን አታውቅም። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ሌላ ነገር ሠርታ አታውቅም።

ትምህርቱ በማግስቱ ተጀመረ። ሳዮኮ እንቁላል የምታህል፣ ጭራ ያላት ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ማውስ ይባላል። በእንግሊዝ አፍ አይጥ ማለት ነው።»

ሺዙ ቀና አለች። «ሐር ቤት ውስጥ አይጥ አምጥታችሁ እኛን አሳድጉ ልትሉ ነው?»

«አትናከስም፣ ሺዙ ሳን» አለች ሳዮኮ፤ «ሳን» በአገራቸው የማክበሪያ ቃል ነው። «ሆዷ ውስጥ ኳስ አለች። ስትገፏት ኳሷ ትሽከረከራለች፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስትም አብሯት ይሄዳል። ወደፊት ከገፏት ቀስቱ ወደ ላይ፣ ወደ ራስዎ ከሳቧት ወደ ታች። በግራ በኩል ያለውን ቁልፍ በሌባ ጣትዎ ጫን አድርገው ይልቀቁ፤ ካሬዋ ትሞላለች። ይኸው ነው።»

«ይኸው ነው» ማለት ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነው። ኪኑኤ ወንበሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ እግሯ መሬት በደንብ ስላልደረሰላት ሳዮኮ የክር ሣጥን አስገባችላት። ከዚያ ማውሱን ያዘች። የመጀመሪያውን የአበባ ቅጠል መሳል እንደጀመረች ቀስቱ ወደማታውቀው አገር ሄደ።

ጥፋቱ ከሙያዋ የመጣ ነው። ጥለት ሠሪ ጎባጣ መስመር ስትሥል እጇን አታጎብጥም፤ ወረቀቱን ነው የምታዞረው። እጅ ባለበት ይቆያል፣ ወረቀቱ እንደ መጅ ሥር እህል ወደ እጁ ይመጣል። የኪኑኤ ግራ እጅ ይህን ሲሠራ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ የቅጠሉ ጫፍ ላይ ስትደርስ ግራ እጇ ሳታዝዘው ሄዶ ማውሱ የተቀመጠበትን ምንጣፍ አዞረው። ምንጣፉ ሲዞር ማውሱ ዞረ። ማውሱ ከዞረ ደግሞ ወደ ላይ ያሉት ቀስት ወደ ጎን ይሄዳል።

«ኪኑኤ ሳን፣ አያዙሩት። ጭራዋ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ትሁን።»

«አላዞርኩም እኮ!»

«ምንጣፉን ይዩት።»

አየችው። ጠረጴዛው ላይ ተንጋዶ ቁጭ ብሏል። ግራ እጇን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችበት። እጇ ግን ከጭኗ ሥር ሆኖም መዞሩን አልተወም፤ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

ሌላው ችግር ከዚህ ይብስ ነበር። ኪኑኤ የምታየው እጇን ነው። ብሩሽ የያዘ ሰው ዓይኑን ከብሩሹ ጫፍ አይነቅልም፤ እሷም ማውሱ ላይ አፍጥጣ ትገፋና ቀና ስትል ቀስቱ ጠፍቷል። ትፈልገዋለች። ስታገኘው እንደገና ወደ እጇ ታጎነብሳለች፤ ቀና ስትል እንደገና ጠፍቷል። አንዲት ካሬ ለመሙላት ሦስት ጊዜ ማጎንበስና ሦስት ጊዜ ቀና ማለት። በብሩሽ ሁለት መቶ ካሬ በምትሞላበት ሰዓት አሥራ አንድ ሞላች፤ ከእነሱም አራቱ ያለ ቦታቸው ነበሩ።

ሺዙ ተራዋ ሲደርስ ከዚያ የተሻለ አልሠራችም። ቀስቱን ወደ ላይ ለመውሰድ ማውሱን ከጠረጴዛው አንስታ አየር ላይ ሰቀለችው። ቁልፉን ስትጫን ቅማል የምትገድል ይመስል ነበር። ሁለት ጊዜ ፈጠን አድርገው ይጫኑ ስትባል አንዴ ተጭና፣ ትንሽ አረፍ ብላ፣ ደግማ ተጫነች።

«ሁለቴ ማለት ሁለቴ ነው» አለች። «ሰዓት አብራችሁ አልነገራችሁኝም።»

እየተሳሳቁ ሁለት ሳምንት አለፈ። ካሺዋይ አንዳንዴ ከኋላቸው መጥተው ይቆማሉ። አንድ ቀን የኪኑኤን እጅ ረጅም ጊዜ አዩና፣ «እንዴት ያለ እርጋታ ነው፣ ኪኑኤ ሳን! የዛሬ ሰው እንዲህ ያለ እርጋታ የለውም» ብለው ወረዱ። እሳቸው ከወረዱ በኋላ የኪኑኤ ፊት እስከ ጆሮዋ ቀላ። በዚያ ቤት እርጋታሽ ከተመሰገነ ቀርፋፋ ተብለሻል፤ ደግሞ ተመስግነሽ ስለሆነ አትመልሺም።

በአራተኛው ሳምንት እሁድ፣ ረፋዱ ላይ፣ ኪኑኤ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ሳሙና እየገፋች ነበር። ለሳሙናው ክር አስራለት፣ ክሩን ወደ ግድግዳው አድርጋ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ቶኩዞ ከሽመና ዕቃው ላይ አንገቱን አውጥቶ ዘለግ ላለ ጊዜ ተመለከታት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ደህና ነሽ?»

«ዝም በል፣ አባቱ። እየተማርኩ ነው።»

«ሳሙናው ነው የሚያስተምርሽ?»

ልትስቅ ነበር፤ ግን ሳቁ መንገድ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ያልነገረችውን ሁሉ ነገረችው። ቀስቱ እንደሚጠፋባት፣ ዓይኗ ከእጇ እንደማይነሳላት፣ የቀራት ሦስት ሳምንት እንደሆነ። ቶኩዞ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ስትጨርስ ከጎኑ ያለውን ቦታ በመዳፉ መታ መታ አደረገላት።

«ነይ ተቀመጪ።»

በኒሺጂን መቀነት ፊቱን ወደ ምድር ተደፍቶ ነው የሚሸመነው። ሸማኔው ከላይ የሚያየው የጨርቁን ጀርባ፣ የተንጠለጠለውን የክር ጫፍ ነው። ፊቱን የሚያየው ከጨርቁ ሥር ባስቀመጠው መስታወት ውስጥ ነው። ኪኑኤ ይህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አይታዋለች፤ አይታው አታውቅም ቢባልም ያው ነው።

ቶኩዞ መወርወሪያውን ሦስት ጊዜ አመላለሰ።

«እጄን አየሁት?» አላት።

«አላየኸውም።»

«ምን አየሁ?»

«መስታወቱን።»

«ስሸምን አርባ አምስት ዓመቴ ነው፤ እጄን አይቼው አላውቅም። ጨለማ ቤት ውስጥ ስትበዪ አፍሽን ትስቻለሽ እንዴ? እጅ ቤቱን ያውቃል፤ ተይው። ዓይንሽን ሥራው ያለበት ላይ አድርጊ። አንቺ ብሩሽ ስለያዝሽ ዓይንና እጅሽ አንድ ቤት ውስጥ ኖሩ። አሁን ለየብቻ ያድራሉ፤ ሌላ ነገር የለውም።»

እጇን ይዞ ወርቃማውን ክር አስጨበጣት። «አትይው» ይላታል አጎንብሳ ባየችው ቁጥር፤ ጉንጯን በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ መስታወቱ ይመልሳታል። መጀመሪያ ክሩን አበላሸችበት። ከዚያ ቀስ እያለ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ወርቃማ ነጥብ እያየች፣ እጇ የት እንዳለ መርሳት ጀመረች። ቶኩዞ ያበላሸችውን ክር ሳያጉረመርም ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲፈታ ዋለ።

ሰኞ ጠዋት ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ስክሪኑን መስታወት ነው ብላ አሰበች። እጇን ተወችው። ቀስቱ ተንቀሳቀሰ፤ ዓይኗ ተከተለው፤ አልጠፋም። ግራ እጇም ወረቀት መፈለጉን ረሳ። በምሳ ሰዓት አንድ የአበባ ቅጠል አለቀ፤ ሁሉም ካሬ በቦታው። ሳዮኮ አጨበጨበች።

ሺዙ የምሳ ዕቃዋን እየፈታች፣ «ዛሬ ደግሞ ምን በልተሽ መጣሽ?» አለቻት።

ኪኑኤ አፏን ከፈተች። እንዲህ ነው ለማለት ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ትንፋሽም አይፈጅም። ነገር ግን ወንበሩ አንድ ነው።

«ምንም» አለች። «ለመድኩት መሰለኝ።»

«እህ» አለች ሺዙ። ከዚያ በሩዝ ብቅል የተዘፈዘፈ ደብርጃን አውጥታ እንደ ሁልጊዜዋ ግማሹን የኪኑኤ የምሳ ዕቃ ክዳን ላይ አደረገችላት። ኪኑኤ ቀና ሳትል በላችው።

ማክሰኞም ሺዙ ጠየቀች፤ «እስቲ ምስጢሩን ንገሪኝ፣ አንቺ።» ኪኑኤ ሳቀች። ረቡዕም ጠየቀች። ኪኑኤ ስለ አየሩ አወራች። ነገ እነግራታለሁ ትላለች፤ ነገ ሲመጣ የሺዙ እጅ ማውሱን አየር ላይ ሲሰቅል ታይና ትንሽ ደስ ይላታል፤ ደስ ስላላት ደግሞ ራሷን ትጠላለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ጥያቄ በመጣ ቁጥር እሷ ወሬ ትቀይራለች። እንዲህ እያለች ሁለት ሳምንት ሞላት።

በመጨረሻው ሳምንት አንድ ነገር ደረሰባት። የአበባውን ዳር አንድ በአንድ ሠርታ ጨርሳ፣ ውስጡን በአንድ ጊዜ የሚሞላውን የቀለም ባልዲ ምልክት ተጫነች። ቀዩ አበባውን ሞላና አላቆመም፤ ፈስሶ መደቡን፣ ቅጠሎቹን፣ ስክሪኑን እስከ ጥግ ዋጠው። የሁለት ሳምንት ሥራ ደም ሆነ። ኪኑኤ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሳዮኮ ገበያ ሄዳለች።

ሺዙ ከወለሉ ተነስታ መጥታ ከኋላዋ ቆመች።

«አታልቅሺ። መልስ የሚለውን ተጫኚ፤ ወደ ኋላ ይመለስልሻል። ያውልሽ። አሁን እዚህ ጋ እዪ፣ ከታች፤ አንዷን ካሬ ክፍት ትተሻታል። በወረቀት ቢሆን ማንም ምንም አይልሽም፤ ይህ ግን ቀዳዳ ካየ ይፈስሳል። እሷን ዝጊያትና ደግሞ ሙዪ።»

ዘጋቻት። ሞላች። ቀዩ በአበባው ውስጥ ቆመ። ኪኑኤ ሺዙ ይህን ከየት እንዳወቀች ለመጠየቅ አልደፈረችም፤ ከጠየቀች መልስ መስጠትም ሊመጣ ነው።

ዝናቡ ሰኔ ሰባት ገባ። በማግስቱ ካሺዋይ ወጡና የኪኑኤን አበባ በወረቀት ታትሞ አዩት። የሺዙን ደግሞ አዩ፤ ግማሽ ነበር፤ ዳሩም ይንቀጠቀጣል። ኪኑኤን ምንም አላሏትም። ወደ ሺዙ ዞረው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ።

«ሺዙ ሳን፣ ብዙ ዓመት አደከምንዎት። እንግዲህ ለራስዎም ትንሽ ጊዜ ይኑርዎት።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አለች ሺዙ፤ እሷም ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። አለቀ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚህች ቃል ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ሳዮኮ ሆን ብላ ወደ ታች ወረደችላቸው። ሺዙ ብሩሾቿን አጥባ በጨርቅ እያደራረቀች ነበር። ኪኑኤ ፊት ለፊቷ ተንበረከከች፤ ግንባሯን ወለሉ ላይ አደረገች። ከዚያ በኋላ ቃሉ ተንዶ ወጣ።

«ደብቄሻለሁ። ቶኩዞ ነው ያሳየኝ። እንደ ሸማኔ፣ በመስታወት እንደሚያይ ሰው፣ እጅን ሳያዩ… ልነግርሽ ነበር። በየቀኑ ልነግርሽ ነበር።»

ሺዙ ብሩሹን አስቀመጠች። ተነሳች፤ ወንበሩ ላይ ወጣች፤ እግሯን የክር ሣጥኑ ላይ አደረገች። ማውሱን ያዘች። አልሰቀለችውም፤ ቁልፉንም አላደቀቀችውም። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ሆኖ እጇ ከታች ለብቻው ሄደ። ኪኑኤ ግማሽ ቀን ደክማ የሠራችውን የመሰለ የአበባ ቅጠል ዓይኗ እያየ አለቀ። ሺዙ መልሳ አጠፋችውና ወረደች።

«እናቴ ሸማኔ ነበረች» አለች። «መስታወት እያየሁ መሸመን የጀመርኩት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«በእናንተ ደጅ ነው የማልፈው። የቶኩዞ ዕቃ ከወሩ ግማሹን ዝም ማለቱን አልሰማም መሰለሽ? እኔ ልጄ ኦትሱ ከተማ ሆኖ ነይ ነይ ካለኝ ሦስት ዓመቱ ነው። አንቺ ማን ነይ ይልሻል?»

ኪኑኤ ግንባሯን ወደ ወለሉ መለሰች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር። ሺዙ ብሩሾቹን በጨርቁ ጠቀለለች፤ ጫፉን አሰረች፤ እንደገና ፈታችና አጥብቃ አሰረች።

«እሱ ምንም አይደለም» አለች። «በየቀኑ ስጠይቅሽ ግን ለማወቅ አልነበረም። ዛሬ ትነግረኛለች እያልኩ ነበር።»

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው፤ ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። ዣንጥላዋን አንስታ ደረጃውን ወረደች። ከዚያ በኋላም ክፉ አልተነጋገሩም፤ በዓመት መባቻ ካርድ ይላላካሉ፤ ሺዙ የደብርጃኑን ብልቃጥ ከኦትሱ በሰው ትልክላት ነበር። ምሳ ግን አብረው አልበሉም።

ኪኑኤ በዚያ ወንበር አሥራ አንድ ዓመት ሠራች። ጡረታ ከወጣች በኋላ የሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ለሽማግሌዎች ኮምፒዩተር እንድታስተምር ለመናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ትሄዳለች። ሌሎቹ አስተማሪዎች ሰው እንዳይደናገር እያሉ ቀስ በቀስ፣ ትንሽ ትንሹን ነው የሚያስተምሩት። እሷ ግን ገና ወንበር ሳይስቡ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ማንም አንድም ነገር ሳይጠይቃት፣ የምታውቀውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ትነግራቸዋለች። ለነገ የምታስተርፈው የላትም።